የዘንገናው ፈረሰኛ

አያት የሆነ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡ… እኔም አያት ነኝ፤ ከውስጥ ሆኜ ነው የምመሰክረው። አባት እንኳ እንደ ልቡ መዋሸት አይችልም፤ እናትየው አጠገቡ ተቀምጣ ትታዘበዋለች። አያት ግን ምን ከልካይ አለው? የወጣትነቱን ገመና የሚያውቁት እኩዮቹ ግማሾቹ አልፈዋል። የቀሩትም በየቤታቸው ለልጅ ልጆቻቸው እየዋሹ ስለሆነ ማንም ማንንም አያጋልጥም።

የኔ ውሸት ፈረስ ነበር። የሌላ አገር ሰዎች ይህን እንደ ቀላል ታዩት ይሆናል። እዚህ አዊ ውስጥ ግን አንድ ወንድ «ፈረስ አልችልም» ከሚል «ማንበብ አልችልም» ቢል ይሻለዋል። ሠርጉም በፈረስ፣ ለቅሶውም በፈረስ፣ ዓመት በዓሉም በፈረስ ነው። እኔ ደግሞ ዳንግላ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ፈረስ ላይ ወጥቻለሁ፤ ያውም በአሥራ አንድ ዓመቴ። መውጣቱ በኔ ፈቃድ ነበር፤ መውረዱ ግን በፈረሱ። ከዚያ ወዲህ የኖርኩት በአውቶቡስ ነው።

ይህን ታዲያ ለቤዛ እንዴት ብዬ ልንገራት? ቤዛ የሴት ልጄ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር ትኖራለች፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እኔ ዘንድ ትላካለች። አንድ ቀን ምሳ እየበላን «አባባ፣ ልጅ እያሉ ምን ይጫወቱ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ? እኔማ ፈረስ ላይ ነው ያደግኩት!»

አፌ ነው እኮ… እኔ አይደለሁም! ከዚያ በኋላ ታሪኩ በየዕረፍቱ እያደገ ሄደ። መጀመሪያ አንድ ፈረስ ነበረኝ፤ ዓምና ሦስት ደረሱ። ባለፈው ክረምትማ፣ ይቅር ይበለኝ፣ አዲስ ቅዳም ገበያ መሃል በሸክላ ሻጮቹ ላይ በፈረስ አንድ ገንቦ ሳልሰብር ዘልዬ አልፌያለሁ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ስትመጣ ዘንገና ሐይቅን ላሳያት ቃል ገባሁ። ነጭ ጋቢዬን ደረብኩና ከዳንግላ እንጅባራ በሚኒባስ፣ ከእንጅባራ ዘንገና በባጃጅ ሄድን። የኔ ሐሳብ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን፣ ዳቦ በልተን፣ ጦጣ አይተን መመለስ ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው! ገና ከባጃጁ ሳንወርድ ቤዛ ጣቷን ቀሰረች። አንድ ጎልማሳ ገበሬ በቀይና በቢጫ ክር የተሸለመ ፈረስ ይዞ ቆሟል፤ ሐይቁን ለማየት የመጣውን እንግዳ በፈረሱ ያንሸራሽራል።

«አባባ! ፈረስ! ይጋልቡልኛ!»

«ወገቤን ትንሽ…»

«ጠዋት ደህና ነበር ወገብዎ።»

«ፈረሱም ምስኪን አርጅቷል፤ ነውር ነው ልጄ።»

ይሄኔ ባለፈረሱ ተቀየመ። «ኧረ አባቴ! ምን አረጀ? ገና ስምንት ዓመቱ ነው!»

ቤዛ ቀና ብላ አየችኝ። ትንሽ እንኳ ብትጠረጥረኝ ምንኛ በቀለለኝ! እሷ ግን ጨርሳ አምናኛለች። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ፊት ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አድርጎ የሚያየኝ ሌላ ሰው የለኝም፤ ባለቤቴማ ካቆመች ሰነበተች።

ምን ላድርግ? ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ ባለፈረሱ ከኋላ እየገፋኝ ወጣሁ። ቤዛን አንስቶ ከፊቴ አስቀመጣት።

«ልጓሙን ልያዝልዎ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን ማለትህ ነው!» አልኩት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ልጅቷ እየሰማች እኮ ነው!

መጀመሪያ ላይ ደህና ሄድን። እንዲያውም «ለካ እችላለሁ» ማለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ከአስፋልቱ በኩል እልልታ ተሰማ። ከአሥር የሚበልጡ ፈረሰኞች ሙሽራ አጅበው ብቅ አሉ። የኛ ፈረስ ጆሮውን አቆመና… ሄደ። በቃ፣ ሄደ! ልጓሙን ሳብኩ። በአማርኛ ለመንኩት፤ በአገውኛ ለመንኩት፤ በሁለቱም ሰደብኩት። ባለፈረሱ አንድ ነገር እየጮኸ ከኋላችን ይሮጣል፤ ምን እንደሚል ግን አይሰማም።

«አባባ፣ ሠርግ ሊወስዱኝ ነው እንዴ?»

«አዎ…» አልኳት ጋማውን ጨብጬ። «እንዲገርምሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

አጃቢዎቹ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሲቀላቀላቸው በአክብሮት ቦታ ለቀቁ። የኔ ፈረስ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትምና እያለፈ እያለፈ ፊት ወጣ። እንዲህ ሆነን የሙሽራዋ ቤት ደረስን። የአጥሩ በር ተዘግቷል።

እኔ የተለመደው የሠርግ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ሙሽራ ሲመጣ በር ይዞ ትንሽ ማስቸገር ያለ ነው። ይሄ ግን ጨዋታ አልነበረም። በሩ ላይ የሙሽራዋ አጎት፣ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ ሰውዬ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«ያሳደግኳት እኔ!» ይላል። «ሽማግሌ ሲልኩ የጠየቁት አባቷን ብቻ! እኔ ምንድን ነኝ? ዛሬ ከዚህ ቤት ልጅ አትወጣም!»

የሙሽራው ወገን ተቆጣ። ከውስጥ የሙሽራዋ ልቅሶ ይሰማል። ሙሽራው ምስኪን ከረባቱን ይፈታል፣ ያስራል። በዚህ መሃል የአጎትየው ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

«አባታችን፣ እርስዎ ይውረዱና ይግቡ። ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም።»

ልወርድ ሞከርኩ… እምቢ! ጉልበቴ ተቆልፏል። ቀኝ እግሬን ላነሳ ብል የሌላ ሰው እግር ሆኗል። መሬቱን ቁልቁል ባየው ራሴን አዞረኝ። ቤዛ እየሰማች አልችልም ማለትም ስላልሆነልኝ አንገቴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።

«አይወርዱም?»

አሁንም ነቀነቅኩ።

መቼም አገሩን ታውቁታላችሁ። ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ ነገሩ ሳያልቅ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፤ ብላ ቢሉት አይበላም። ፈረስ ላይ ሆኖ አልወርድም ያለ ሽማግሌማ ሊያስታርቅ ካልመጣ ምን ሊያደርግ መጣ? የሙሽራው ወገን የሙሽራዋ ዘመዶች የጠሩኝ መሰላቸው። የሙሽራዋ ወገን ደግሞ የሙሽራው አባት ያመጣኝ መሰላቸው። «ለመሆኑ ማን ነህ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም!

«ኧረ ይውረዱ አባቴ፣ ፀሐይ ነው!» አለ አጎትየው፤ ድምፁ ለሰስ ብሏል።

እኔ ከመቆዘም በቀር ምን አደርጋለሁ?

«ሽማግሌ ፀሐይ ላይ እያቆምክ!» ስትል አንዲት ባልቴት አጎትየውን ወረደችበት። «ሕፃን ልጅ ጭምር ይዘው መጥተው! አታፍርም?»

አጎትየው አንዴ እኔን፣ አንዴ ቤዛን አየ። ከዚያ እጁን አወረደ። «ለሽበትዎ ስል… ትቻለሁ!»

የሙሽራው አባት እየሮጠ መጣና «አጥፍተናል፣ አንተንም መጠየቅ ነበረብን» ብሎ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል አጎትየው ቀና አደረገው። ተሳሳሙ። እልልታው ቀለጠ! በሩ ተከፈተ!

እኔ አልወረድኩም።

እልልታው ቀስ በቀስ ቆመ። «ደግሞ ምን ቀራቸው?» ተባባሉ። ሁለቱ ሰዎች እንደገና ተሳሳሙ፤ አልወረድኩም። አጎትየው ሙሽራውን ጠርቶ ግንባሩን ስሞ መረቀው፤ አልወረድኩም። ትንሽ ብቆይ ኖሮ በዚያ መንደር ያለ ኩርፊያ ሁሉ ያልቅ ነበር።

ያኔ ቤዛ አንገቷን ወደ ኋላ አዞረችና በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«አባባ… መውረድ አቃተዎት?»

ልዋሻት አፌን ከፈትኩ። ፊቷ ከፊቴ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። አልቻልኩም።

«አቃተኝ ልጄ። ፈረስ አልችልም። ችዬም አላውቅ።»

«ሦስቱ ፈረሶችስ?»

«የሉም።»

«ገንቦዎቹስ?»

«እነሱም።»

ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ እኔ ያፈርኩት በእሷ ብቻ ነበር። በቃ፣ አለቀ አልኩ… ከዛሬ ጀምሮ ተራ ሽማግሌ ነኝ። ቤዛ ግን ወደ ሕዝቡ ዞረችና በዚያ ቀጭን ድምፅዋ ተናገረች።

«አባባ የሚወርዱት የታረቁት ሁለቱ ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ሲያወርዷቸው ብቻ ነው!»

«እውነቷን ነው! ይገባቸዋል!» አለ ሕዝቡ። አጎትየው በግራ፣ የሙሽራው አባት በቀኝ ሆነው እንደ ሕፃን አቅፈው አወረዱኝ። ባልቴቷ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የኔው ግን ከጉልበቴ ነው።

ከዚያማ የክብር ቦታ ተሰጠኝ፤ ምርቃቱም በኔ ሆነ። ቤዛ ከጎኔ ተቀምጣ ሥጋዋን ትበላለች። ባለፈረሱ ላቡን እየጠረገ ደረሰና ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ስጮህ የነበረው እሱን ልነግርዎ ነበር እኮ» አለኝ፤ «ይሄ ፈረስ ሠርግ ይወዳል።»

እሱ ሲሄድ ወደ ቤዛ ጠጋ አልኩ። «ተቀየምሽኝ?»

«እያሰብኩበት ነው» አለችኝ እያኘከች።

ወደ ማታ ልንወጣ ስንል አጎትየው እስከ በሩ ሸኘን። እጄን ይዞ አልለቅም አለ።

«አባታችን፣ አዘና ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ በእርሻ ወሰን ተኳርፈው ሽማግሌ ሁሉ አቅቶታል። እንደ እርስዎ ያለ ቆራጥ ሰው ነው የጠፋው። እሑድ ፈረስ እንላክልዎ?»

ዘወር ብዬ ቤዛን አየኋት። እሷ ደግሞ ከእግሬ እስከ ራሴ ስትመዝነኝ ቆየችና ወደ አጎትየው ዞረች።

«አባባ ይመጣሉ» አለችው። «ግን ፈረሱ አጠር ያለ ይሁን።»