ውዱእ ያደረገው አበባ

ዛሬ ጠዋት የሰው አበባ በውሃ ገደልኩ። ደግነት ሰውን ሲያጃጅል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ከሚሴ ድረስ ኑና እኔን እዩኝ!

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ደሴ ሲሄዱ፣ ክረምት ከበጋ ቤት ውስጥ የሚያብበውን ቀይ አበባቸውን ከነጣሳው አደራ ሰጡኝ። እኔ ብልጡ ሽማግሌ ታዲያ፣ በዚህ ሙቀት ውሃ ከሚባክን ብዬ፣ ከየሶላቱ በፊት የምታጠበውን ውዱእ የማደርገው አበባው ላይ ሆነ። እግሬን ሳይቀር!

ዛሬ ሥሩ በስብሶ፣ ግንዱ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ባለቤቴ ዘይነባ ሳቋን ለቀቀችው።

«ያ ረቢ! በቀን አምስቴ ውዱእ እያስደረግከው ምን ያድርግ? ይኸው እንደ ሰጋጅ ጎንበስ ብሎ ሩኩዕ አደረገልህ!»

ደህናውን ጫፍ ቆርጬ ሌላ ጣሳ ላይ ስተክል እትዬ አስካለ ከባጃጅ ዱብ አሉ።

«ጋሽ ሰዒድ፣ አበባዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ ብቻ ሰልሟል» ብዬ የውዱኡን ነገር ነገርኳቸው።

ጭቃውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ወገባቸውን ያዙ።

«እኔ የሰጠሁዎት ክርስቲያን ነው! ክርስቲያኔን ይመልሱ!»

እና ይኸው፣ የተከልኳት ጫፍ እስክታብብ ድረስ፣ የእትዬ አስካለ አንድ ክርስቲያን አለብኝ።