የያንታር ፊልም አምስተኛው ዘመን

ሊፍት የሌለው ሕንፃ በፖላንድ ሞልቷል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪክ የሚያስተምር ጡረተኛ የሌለው ግን አንድም የለም። ቶሩን ከተማ ለምንኖረው ለእኛ የደረሱን ክቡር ፓን ሉዶሚር ቭዦሴክ ናቸው (በእኛ ቋንቋ ፓን «አቶ»፣ ፓኒ «ወይዘሮ» እንደ ማለት ነው)። እሳቸው ስለ ፊልም አያወሩም፤ ስለ ፊልም ማንም ያወራል። የእሳቸው ጉዳይ ፊልሙን የሚያሳየው ጣቢያ፣ ያንታር ፊልም ነው።

ደረጃ ላይ አግኝተውኝ አንድ ፊልም አየሁ ካልኩ አለቀልኝ።

«በየትኛው ዘመን ያዩት ነው፣ ፓኒ ኢርሚና?»

ዘመኖቹ አራት ናቸው። መጀመሪያ ጣቢያው በቀን አምስት ሰዓት ብቻ የሚሠራበት ዘመን ነበር። ቀጥሎ ያልከፈለ ሰው ዥንጉርጉር መስመር እያየ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት መጣ። ከዚያ የጣቢያው ምልክት ከቀኝ ጥግ ወደ ግራ የተዛወረበት፣ እሳቸው «ታላቁ ስደት» የሚሉት። አሁን ያለነው ያው ፊልም ደጋግሞ በሚታይበት በድግግሞሽ ዘመን ነው። አምና የስሜን ቀን፣ እኛ እንደ ልደት የምናከብረውን የስም ቅዱስ በዓል፣ ሳከብር ስለ ታላቁ ስደት ብቻ አንድ ሰዓት ተናገሩ፤ እንግዶቼ የአይብ ኬካቸውን ሳይጨርሱ ካፖርታቸውን አነሡ። የተጠራጠረ ሰው ካለ ሁሉን የሚጽፉበትን ደብተራቸውን መታ መታ ያደርጋሉ፦ «ተመዝግቧል!»

ከሁሉ በላይ የሚያከብሩት አንባቢውን ነው። እኛ ዘንድ የውጭ ፊልም ሲታይ የሁሉንም ንግግር አንድ ሰውዬ ነው ከላይ በፖላንድኛ የሚያነበው፤ ሙሽራዋንም፣ ገዳዩንም፣ ሕፃኑንም በዚያው በአንድ ድምፅ። «ስሜት አይጨምርም!» ይላሉ ፓን ሉዶሚር። «ስሜት የተመልካቹ ሥራ ነው!» ይህ ስሜት የማይጨምር ሰውዬ ከጎኔ ካለው ከእሳቸው ቤት በግድግዳው በኩል ቤቴ ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ ለዓመታት በእንጨት ማንኪያ ግድግዳውን ስደበድብ ኖሬያለሁ።

ባለፈው መኸር ጣቢያው ከጥር ጀምሮ አንባቢ እንደማይኖርና ንግግሩ ከሥር በጽሑፍ እንደሚወጣ አስታወቀ። ፓን ሉዶሚር አቤቱታ ይዘው በሬን አንኳኩ።

«ታሪካዊ ጥፋት ነው! ይፈርሙ!»

«ምን ችግር አለው? ማንበብ አይችሉም እንዴ?» አልኳቸው።

አቤቱታውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። 

«እኔማ እችላለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሃልሽካ ናት የማትችለው።»

ፓኒ ሃልሽካ ባለቤታቸው ናቸው። ዓይናቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ አሁን ከመስኮቱ ብርሃን በቀር የሚለዩት ነገር የለም፤ የቀራቸው መዝናኛ የእሑድ ፊልም ነው። አፈርኩ። በትልቁ ፈረምኩ።

ስልሳ ሦስት ፊርማ ተላከ። ጣቢያው አመስግኖ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላከላቸው። ደብተሩ ውስጥ ለጠፉት፦ ተመዝግቧል።

የጥር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ሰማሁ።

«አትሂድ፣ ፌዴሪኮ። መሄድ አለብኝ፣ ማርታ። ውሻው ይጮኻል።»

ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ ለባለቤታቸው የሚያነቡት ፓን ሉዶሚር ናቸው። የጣቢያው አንባቢ ውሻ ጮኸ ብሎ አያውቅም፤ ክቡርነታቸው ግን አምስተኛውን ዘመን በራሳቸው ሥልጣን ከፍተዋል።

«ሉዴክ» አሉ ፓኒ ሃልሽካ በቁልምጫ፣ «ስሜት አትጨምር!»

እጄ በልማድ ማንኪያው ላይ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የራሴን ቴሌቪዥን አጥፍቼ ወንበሬን ግድግዳው ሥር እስባለሁ። ባለፈው እሑድ፣ በፊልሙ ቀጣይ ክፍል፣ ማርታ ከፌዴሪኮ የመጣላትን ደብዳቤ ልክ ስትከፍት ፓን ሉዶሚር ሳል ያዛቸው። ሳሉ፣ ሳሉ፤ ከዚያ ፊልሙን ባለበት አቆሙት መሰለኝ፣ ጸጥ። ሻይ ሲቀዳ ይሰማኛል። ጠበቅሁ። አላስቻለኝም፤ ማንኪያውን አንሥቼ ግድግዳውን ደበደብኩ።

«ይቅርታ፣ ጎረቤት!» አሉ ደንግጠው። «ድምፄን እቀንሳለሁ!»

«ደብዳቤው ምን ይላል?» ብዬ ጮኽኩ።

ወዲያ በኩል ፓኒ ሃልሽካ ሲስቁ ተሰማኝ። ፓን ሉዶሚር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወንበር ተጎተተ፤ ከዚያ ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ግድግዳ አዙረው መሆን አለበት፣ አነበቡልን።