የጋሽ ገመዱ ጆንያ

ሰፈር ሰፈር የሚሆነው መንገድና መብራት ስለገባለት አይደለም፤ ገመድ የማይጥል አንድ ሰው ሲኖረው ነው። እናንተም ጋ አይጠፋም። የሞተ ስልክ ቻርጀር፣ ባለቤቱ የማይታወቅ አንቴና፣ አይጥ የቀመሰው ማራዘሚያ፣ ሁሉንም ጠቅልሎ በላስቲክ አስሮ ያስቀምጣል። ለምን ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ገመድ አይጣልም።»

የእኛው ክቡር ጋሽ ገመዱ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆየ። ከመድኃኒት ቤት ጡረታ የወጡ ናቸውና ማንኛውንም ዕቃ ከመንካታቸው በፊት ይመረምራሉ። የሰፈራችን የጥርስ ሐኪም ፕሪንተር እምቢ ያለ ጊዜ ተጠርተው «ከመቼ ጀምሮ ነው? ሲነጋ ይብስበታል?» ብለው ጠየቁ። ፕሪንተሩስ ዳነ፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የሕክምና ወንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር የበሩ ደወል ይጮኻል። እሳቸው ይህንን «የጎንዮሽ ጉዳት» ይሉታል።

እኔ በእሳቸው ስስቅ ነው የኖርኩት። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሳቁ ወደኔ ዞረ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የደንበኞቿን ልክ በደብተር ይዛ ኖራለች። አምና እኔ ተማርኩ ባዩ ልጇ «ደብተር ይጠፋል፣ ኮምፒውተር አይጠፋም» ብዬ ሁሉንም አሮጌው ኮምፒውተሬ ውስጥ አስገባሁላት። ደብተሩንም ያስወገድኩት እኔው ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ይሠራል፣ ማራገቢያው ያጓራል፣ የሚታይ ነገር ግን የለም። ቅዳሜ የምትሞሸር ልጅ አለች፤ ጨርቋ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ልኳ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

«ደውለሽ ጠይቂያታ» አልኳት።

መቀሷን አስቀመጠች። «ልክሽ ጠፋብኝ ብዬ ለሙሽራ ልደውል? ሠላሳ ዓመት ያልወጣኝን ቃል?»

ከዚያ የሙሽራዋን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች። የእናቴን ቁጣ እችለዋለሁ፤ ያልተሰፋ ጨርቅ ስታጥፍ ማየት ግን አልችልም።

አንድ ዘዴ ነበር። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ከኋላው ሰማያዊ መሰኪያ አለው፤ ኮምፒውተሩም ያንኑ ዓይነት አለው። የሚያገናኛቸው ገመድ ከተገኘ ቴሌቪዥኑ ስክሪን ይሆናል። የሞተው ስክሪን ገመድ ከራሱ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ አይነቀልም። ለብቻው የሆነ አንድ ነበረኝ፤ እሱን ቤት ሳጸዳ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል» ብዬ ወርውሬዋለሁ። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ባለሱቅ «እሱን የሚሸጠው አባቴ ነበር» ብሎ አሰናበተኝ።

ሌላ መውጫ አጣሁና ጋሽ ገመዱን ጠራሁ።

ጆንያ ተሸክመው መጡ፤ መጀመሪያ ግን ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ለጠፉ።

«መቼ ጀመረው?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ጋሼ» አልኩ።

«ትኩሳት አለው።»

«ሁልጊዜም ይሞቃል።»

«ትናንት ምን ሲሠራ ዋለ?»

«የሙሽራዋን ልክ አየሁበት» አለች እናቴ።

«በቃ፣ ጭንቀት ነው» ብለው ወሰኑ።

ጆንያው ሳሎኑ መሀል ተዘረገፈ። ስንፈታ፣ ስንስብ፣ እናቴ ሁለት ጊዜ ከወንበሯ ጋር ታሰረች። በመጨረሻ ሰማያዊው ገመድ ተገኘ። አንዱን ጫፉን ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ፤ ሌላውን ከክምሩ ውስጥ ፈልገው ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩ። ቴሌቪዥኑ «ምልክት የለም» አለ። ግማሽ ሰዓት ስንነካካ ቆየን። ለካ ቴሌቪዥኑ ላይ የተሰካው ጭራው የተቆረጠ ሌላ ገመድ ኖሯል፤ ቆራጣው ጫፍ ጆንያው ውስጥ ተቀብሯል። ቴሌቪዥናችን ያን ሁሉ ጊዜ የተገናኘው ከጆንያ ጋር ነበር።

«ሙከራ ነው» አሉ።

ትክክለኛው ጫፍ ሲሰካም «ምልክት የለም» አለ። የኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ሰማያዊው መሰኪያ ሁለት ነው፣ ላይና ታች። የሞተውን ስክሪን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ከየትኛው እንደነቀልኩ ግን በድንጋጤ አላየሁም። ጋሽ ገመዱ ላይኛው ላይ ሙጭጭ አሉ። «መድኃኒት ከላይ ነው የሚገባው!» ሳጥኑን ሦስት ጊዜ አጥፍተው አበሩ፣ ቴሌቪዥኑን አንዴ በጥፊ አሉት፣ እኔን ከክፍሉ አስወጡኝና መልሰው አስገቡኝ።

እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ጎንበስ ብላ የሳጥኑን ጀርባ አየችው።

«ላይኛው አቧራ ጠግቧል። ታችኛው ንጹሕ ነው» አለች። «ስክሪኑ ተሰክቶ የኖረው እዚህኛው ላይ ነው።»

ጋሽ ገመዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም እሱን ልል ነበር።»

ገመዱ ታች ተሰካ። የሙሽራዋ ደረት፣ ወገብና ቁመት ሳሎናችንን ሞልቶ ብቅ አለ። እናቴ አልዘለለች፣ አላጨበጨበች። ወደኔ ዞር ብላ «ሂድ ደብተር ግዛልኝ» ብቻ አለችኝ። የደንበኞቿን ልክ በሙሉ ከቴሌቪዥኑ ላይ እየገለበጠች ዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሱ ሙሽራዋ ላይ ልክክ አለ። ከሰዓት በኋላ ጆንያውን ላደርስ ጋሽ ገመዱ ቤት ሄድኩ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆነን ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ራዲዮ። ግድግዳው ግን ከዳር እስከ ዳር ምስማር ነው፤ በየምስማሩ የተጠቀለለ ገመድ፣ በየገመዱ ላይ የመድኃኒት ፖስታ፣ በየፖስታው ላይ ጽሑፍ። «የመምህሯ ቴሌቪዥን።» «የጥርስ ሐኪሙ፣ መጠባበቂያ።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ኮምፒውተር የታለ?»

«እኔ? ምን ያደርግልኛል?»

«ቴሌቪዥንስ?»

«ዓይኔን ያመኛል።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ገመድ?»

ሞኝ እንዳናገራቸው አዩኝ። «እናንተ አላችሁ አይደል እንዴ?»

ሰማያዊውን ገመድ ከጆንያው አውጥተው ጠቀለሉትና ባዶው ምስማር ላይ ሰቀሉት። እዚያ የቀረው ፖስታ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል፦ «የልብስ ሰፊዋ ልጅ የጣለው። ይፈልገዋል።»

አፈርኩ፤ ደግሞም ወደድኳቸው። ከእንግዲህ ጋሽ ገመዱን የሚያማ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። እኔ ግን ላማቸው እችላለሁ፤ ገመዴ እሳቸው ጋ ነው።