የፔሪስቴሪው ሰው

እንደው ለነገሩ፣ ከትልቅ ከተማ ጥግ ተወልዶ በትልቋ ከተማ ስም አልጠራም የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ የሥራ ባልደረባዬ ግሪካዊው ያኒስ። እኛማ እዚህ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ባለችው ከተማ ኤቨረት እየኖርን፣ አገር ቤት ሲጠይቁን «ሲያትል» ብለን እንገላገላለን። ማን ቁጭ ብሎ ኤቨረትን ያስረዳል?

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጋሽ ተፈራ፣ የሥራ ቦታችን አንጋፋ፣ «ሶ ያኒስ፣ የአቴንስ ልጅ ነህ አይደል?» አሉት።

ያኒስ ሹካውን አስቀመጠ። ጦርነት የታወጀ መሰለኝ።

«የፔሪስቴሪ!» አለ። የጨው ዕቃውን አቴንስ፣ የራሱን ትልቅ ምሳ ዕቃ ፔሪስቴሪ አድርጎ ስለ ከንቲባዋ፣ ስለ አደባባይዋ፣ ስለ ቅርጫት ኳሷ ተነተነልን። አምባሳደር እንኳ ለአገሩ እንዲህ ሲሟገት አላየሁም።

«ኦኬ፣ ግን አቴንስ አጠገብ ናት?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«አቴንስ ናት እሷ አጠገብ ያለችው!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁበት።

በማግስቱ፣ እዚያው ምሳ ላይ፣ የጋሽ ተፈራ ታናሽ እህት ከአዲስ አበባ ኮል አደረገች። «ጋሼ፣ ሲያትል በረዶ ጣለ የሚሉት እውነት ነው?»

ጋሽ ተፈራ ያኒስን ሰረቅ አድርገው አዩና ደረታቸውን ነፉ።

«የሲያትልን በምን አውቄ! እኔ የምኖረው ኤቨረት ነው።»