በሰመራ ብርድ የጸደቀበት ስብሰባ

ቀን፦ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሰመራ፣ የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ
የተገኙ፦ አቶ ከማሉዲን (ሰብሳቢ)፣ አቶ መሀመድአሚን (ንብረት ክፍል)፣ ወ/ሮ ሙኒያ (የሠራተኞች ክበብ)፣ ወ/ት ትዝታ (ፕሮግራመር)፣ ሰርክአዲስ (ጸሐፊ፣ ሳይወድ)
ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ለሥራ አዋሽ ሄደዋል፤ እዚህ ሲበርድ እንመለሳለን ብለዋል።

ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋግጠው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ስብሰባውን ከፈቱ።

አጀንዳ 1፦ አዳራሹ እየነደደ ቬንትሌተሩ ስለማይዞርበት ምክንያት

ወ/ት ትዝታ እንዳስረዱት፣ መለኪያው 42 ዲግሪን ነጥቡን ትቶ «420» ብሎ ባይት በሚባሉ ሁለት የማስታወሻ ክፍሎች ላይ ይጽፋል። በቬንትሌተሩ ፕሮግራም ውስጥ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመው ፖይንተር ግን ቁጥሩ አንድ ባይት ነው ተብሎ ስለተነገረው ግማሹን ብቻ አንብቦ «164» ይላል፤ ይህም 16.4 ዲግሪ ማለት ነው። ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር የመለኪያውና የፖይንተሩ ዓይነት አይገጥምም ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ሰብሳቢው ግን ማስጠንቀቂያ ያለበት ሪፖርት ለበላይ አይላክም በማለታቸው፣ ወ/ት ትዝታ በቅንፍ አንድ ቃል ጽፈው የኮምፓይለሩን አፍ አስይዘዋል። የዚሁ ዓይነት ሌላ ማሽን ነገ ጠዋት አዳይቱ ክሊኒክ እናቶች ወረፋ የሚጠብቁበት ክፍል ስለሚተከል፣ ሳይታረም መሄዱ እንደሚያስፈራቸው ገልጸዋል።

አቶ መሀመድአሚን፣ አንድ ባይት በማኅተም የጸደቀ በመሆኑ ሁለተኛው ባይት ከየትኛው ግምጃ ቤት እንደሚወጣ ጠይቀዋል። አያይዘውም፣ ፖይንተሩ ሥራው መጠቆም ብቻ ከሆነ ለምን ወደ ደሴ አይጠቁምም ሲሉ ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ ሙኒያ፣ ውሃው ከቧንቧ ሲወርድ ሻይ ለመሆን የሚቀረው ቅጠሉ ብቻ መሆኑን አስታውሰዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ የአዳራሹ ሙቀት 16.4 እንዲሆን በሦስት ድምፅ ለሁለት ተወሰነ። ጸሐፊው እጁን ያነሣው ለማራገብ ነበር፤ ተቆጠረበት።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ሙኒያ፣ «እንግዲህ ብርድ ከሆነ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ማረፋችን ቀረ። መመሪያው የሚያሳርፈን ለሙቀቱ እንጂ ለቁንጅናችን አይደለም። ወላሂ፣ ምሳችሁን ለስንት ሰዓት ልሥራው?» ሲሉ ጠየቁ።

ተሰብሳቢዎች ሰዓታቸውን አዩ። ቀጥሎ ሰብሳቢው፣ ከመጀመሪያም ከወ/ት ትዝታ ጎን እንደነበሩ ተናግረው እርማቱ በአስቸኳይ እንዲደረግ አዘዙ። ወ/ት ትዝታ ፖይንተሩን የሁለት ባይት አድርገው፣ ቅንፉን አጥፍተው፣ ፕሮግራሙን ጫኑ። ኮምፓይለሩ ምንም አላለም። ቬንትሌተሩ ዞረ። የተሰብሳቢዎች ፊርማ ያለበት ወረቀትም በመስኮት ወጥቶ በሚሌ መንገድ ሄደ።

የመጨረሻ ውሳኔ

አቶ መሀመድአሚን፣ ፊርማ ከሌለ ምልዓተ ጉባኤ የለም በማለታቸው፣ እርማቱን ጨምሮ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቬንትሌተሩን ተነሥቶ ለማጥፋት ፈቃደኛ አባል አልተገኘም። ወ/ት ትዝታ በበኩላቸው፣ የታረመውን ፕሮግራም ድምፅ እየተሰጠ ሳለ ወደ አዳይቱ በሚሄደው ማሽን ላይም ጭነው ማሽኑን መኪና ላይ ማሳፈራቸውን፣ መኪናውም መነሣቱን ለጉባኤው አሳወቁ።

ስብሰባው በ6 ሰዓት፣ በ42 ዲግሪ፣ ያለ ተቃውሞ ተዘጋ።