የቆዳ ሊቁ ሀጅ ባቢክርና የሞላው ቁስል

እግሩ ተረፈ! ካንሰሩ ተጠራርጎ ወጥቷል፤ አጥንት ላይም አልደረሰም፤ ዶክተሩ አሁን ፋሻውን ሲፈታ ነገረን። የማን እግር አትሉም? የክቡር ሀጅ ባቢክር ነዋ! የሱዳኗ ከተማ የኤል ኦቤይድ ጫማ ሰፊዎች ሁሉ የበላይ፣ የቆዳ ሊቀ ሊቃውንት!

አሮጌ ቁስሉን እንደ ርስት የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ሰፈር አላየሁም። የእኛው ሀጅ በጎረምሳነቱ የፈላ ዘይት ቅልጥሙ ላይ ተደፋበት፤ ቁስሉ ሲጠግግ ሲያመረቅዝ አብሮት አረጀ። ልጆቹ ሁሉ አግብተው ሲወጡ ቁስሉ ብቻ ከቤት አልወጣም። «ሐኪም ቤት ሂድ» ያለ ወዮለት!

«ስለ ቆዳ እኔን ልታስተምሩኝ ነው?» ይላል። የፍየል ቆዳ የሚያለፋበትን የግራር ፍሬ ዱቄት ዘግኖ ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። የበሬን ቆዳ ያለፋ ዱቄት የባቢክር ቆዳ ያቅተዋል?

ዘንድሮ የቁስሉ ጠርዝ ደደረ፤ መሃሉም እንደ አበባ ጎመን ተቋጥሮ ወጣ። ሀጅ ፈነጠዘ። «ኑ እዩ! ጉድጓዱ ሞላ፤ ሥጋ እየገባ ነው!» ብሎ ገበያውን ጠራ። እኛም ሞኞቹ «አልሐምዱሊላህ» አልን። ሽታው ግን ከቆዳ መዘፍዘፊያው ገንዳ ባሰ፤ ሲነኩትም ይደማ ጀመር።

ያልተሸወደች ሚስቱ ቡሰይና ብቻ ናት። የአህያ ጋሪ ሱቁ ደጃፍ አስቁማ ገባች።

«ተነስ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የሚድን ቁስል ሐኪም ቤት ይሄዳል?»

«የሚድን ቁስል ይከስማል እንጂ አይፋፋም። ወይ በእግርህ ውጣ፣ ወይ አዝዬህ ልውጣና ገበያው ጉድ ይበል።»

በእግሩ ወጣ።

ሐኪሞቹ ከጠርዙ ቆንጥረው መረመሩ፤ የቆዳ ካንሰር ነው። ለዓመታት አልሽር ያለ ቁስል እንዲህ ሊለወጥ ይችላል አሉ፤ ትንሽ ቢዘገይ እግሩ ይቆረጥ ነበር። ክፉውን ከነዙሪያው አንስተው፣ ከጭኑ ስስ ቆዳ ገፈው አለበሱት። ያን ዕለት ያለ እሱ ጭቅጭቅ ገበያው ለቅሶ ቤት መሰለ፤ አጠገቡ ጫማ የምሰፋው እኔማ ዓይኔ እንባ እያቀረረ የመርፌዬ ቀዳዳ ጠፍቶኝ ዋልኩ።

ዛሬ ፋሻው ሲፈታ አንገቱን አስግጎ መረመረ። «ክሩን ሰም አላስነካኸውም፤ ስፌቱ ግን ያስመሰግንሃል» አለው ዶክተሩን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? ሻይ ሻጯ ከልቱማ ያን የእግሯን ቁስል እየጠቀለለች ስንት ክረምት አለፈ! ሂድ ንገራት። ባቢክር ራሱ ተረታ፤ ቁስልሽ እንደኔው ሳይሞላ ሐኪሞቹ ቆንጥረው ይመርምሩልሽ ብሏል በላት።»

ወሬዬን እዚህ ላይ ልተወው፤ ከልቱማ ከሰሏን አጥፍታ ወደ ቤቷ ሳትገባ ልድረስባት።