ጋሽ አምላኩ ያስጨነቁኝ ለጤናዬ ነው

ጨው የጠፋበት ቤት ይገኝ ይሆናል፤ «በጥናት የተረጋገጠ ነው» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን አይገኝም። ለእኛ ለቢቸናዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ አምላኩ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በግብርና ባለሙያነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል፤ እውቀታቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ስለ ስንዴ ዋግም፣ ስለ ኩላሊትም፣ ስለ ጨረቃም ሲያስረዱ ድምፃቸው ያው ነው።

እኔ መምህር ነኝ፤ ማለቴ ነበርኩ። ከጥር ጀምሮ ድብርት ጥሎኝ ክፍል አልገባሁም። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘልኝና «ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል፣ ታገስ» አለኝ። እኔም እየዋጥኩ ጣራ ጣራ አያለሁ።

አንድ ጠዋት ጋሽ አምላኩ ሬዲዮናቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ተመራማሪዎች አዲስ የድብርት መድኃኒት እየሠሩ ነው አሉ። ጭንቀት የአንጎል ሕዋስ እንዳያድግ ያደርጋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ በተጨነቁ አይጦች ላይ ተሞክሮ እድገቱን ከጉዳት አትርፎታል።

«ገባህ መምህር? በተጨነቁ አይጦች ነው ያሉት። ድርቅ የሚቋቋም ዘር ወንዝ ዳር አይፈተንም። አንተ እዚህ ተጋድመህ ኪኒኑ በምን ይፈተን? በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም አጣሁ። በማግስቱ ሙክታቸው ጎመኔ መሀል ተገኘ። ሐሙስ ዕለት፣ በእኔ ቦታ የገባው መምህር ተማሪዎቼን ከእኔ ይልቅ እንደሚያስቃቸው ሊነግሩኝ መጡ። ዓርብ አጥራችንን ግማሽ ክንድ ወደ እኔ ገፉት። ተናድጄ ስወጣ ደጃፌ ላይ ቆመው «ተጨነቅህ?» ይሉኛል። «ተጨንቄያለሁ» ስላቸው «ጎሽ፣ በርታ» ብለው ይሄዳሉ።

ግራ ሲገባኝ ኪኒኑን ልጥለው ቃጣኝ። መጀመሪያ ግን ሞጣ መድኃኒት ቤት ለምትሠራው የቀድሞ ተማሪዬ ለዓሊማ ደወልኩ። ሳቋን ጨርሳ፣ «ቲቸር፣ ያ ጥናት ገና አይጥ ላይ ነው፤ የእርስዎ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ነው። ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ። ከፈለጉ ጎረቤትዎን ያቋርጡ» አለችኝ።

ላቋርጣቸው ስዘጋጅ ራሳቸው ቀሩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ምን እንደነካኝ ሳላውቅ ጫማዬን አጥልቄ ቤታቸው ሄድኩ። ጋደም ብለዋል፤ ሬዲዮው ተዘግቷል። የባለቤታቸው የእትዬ ውበቴ ሙት ዓመት በዚያ ሳምንት ነበር።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«እንጃ» አሉኝ።

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደነገጥኩ፤ ከሙክታቸውም ከአጥሩም ይልቅ እሱ አስጨነቀኝ። ማጽናናት ደግሞ አላውቅበትም። ተቀምጬ ተቀምጬ፣ «ጋሼ፣ ጤፍ በመስመር መዝራት ምንም ጥቅም የለውም» አልኳቸው።

ቀና አሉ። «ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

እስከ ቀትር ተከራከሩኝ። ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ «ተጨነቁ?» አልኳቸው። ሬዲዮናቸውን ከፈቱ።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ያዳነኝ ኪኒኑ ይሁን ሙክቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ዓሊማን ለመጠየቅም አፈርኩ። ኪኒኔን አላቋረጥኩም። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በእሳቸው ደጅ አልፍና አንድ ስህተት ተናግሬላቸው እሄዳለሁ።